ጅብ የዳኘው የበቅሎ ክርክር

በጣሊያን ጊዜ፣ ኮልፌ ገና ባሕር ዛፍና ጭቃ ሳለች፣ በአገሩ ከእኔ የሚስተካከል ተሟጋች አልነበረም። ድምፄን ከፍ ሳደርግ አስኮ ላይ ቅጠል ይረግፍ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንጨት ጭኜ ገበያ ስወርድ አንድ የጣሊያን ወታደር የበቅሎዬን ልጓም ቀማኝ። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሊጭንባት ነው። እሷ ከሄደች እኔና ባለቤቴ ዋጋነሽ የምንበላው የለንም።

«በሕግ አምላክ» አልኩት።

ያኔ እንዲህ የተባለ ሰው፣ ራስም ይሁን ሌባ፣ ባለበት ይቆማል። ወታደሩ ወጉን አያውቅም፤ መንገዱን ቀጠለ። በቅሎዋ ግን የኮልፌ ተወላጅ ናት፤ ቀጥ አለች። ነፋሱም ቆመ። በላያችን ይዞር የነበረ ጭልፊት አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ወታደሩ ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ ንቅንቅ የለም።

እኔም እንደ ደንቡ የጋቢዬን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ቋጠርኩ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው የመጀመሪያውን መንገደኛ ዳኛ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው መንገደኛ ጅብ ሆነ።

«አያ ጅቦ፣ ይዳኙን» አልኩ።

«ቸኩያለሁ።»

«ደንብ ነው።»

ተነፈሰና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እሺ፣ ዋሶቻችሁን ጥሩ።»

ኮልፌን በሙሉ ጠራሁ። የመጣችው ዋጋነሽ ብቻ ናት፤ እሷም የቆየሁት ጠላ ቤት ገብቼ መስሏት።

«ለዚህ ሰው ዋስ ትሆኛለሽ?» አላት ጅቡ።

«ለበቅሎዋ እሆናለሁ» አለች። «ለሱ ላስብበት።»

ጅቡ ወደ ወታደሩ ዞረ። «ያንተስ ዋስ?»

በጣሊያንኛ ተረጎምኩለት። ጣሊያንኛዬ የታወቀ ነው፤ ስናገር ጣሊያኖቹ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ወታደሩ ጠመንጃውን አሳየ።

ጅቡ አሸተተውና የቆዳ ማንገቻውን ቆርጥሞ ዋጠ። «ይኼ ዋስ ይበላል» አለ። «የማይበላ ጥራ።»

ወታደሩ ጠመንጃውን ታቅፎ፣ ኮቱን አውልቆ ለጋቢዬ ትቶ፣ በሸሚዝ ቁልቁል ሮጠ።

«እንግዲህ በቅሎዋ የሴትዮዋ ናት» ሲል ጅቡ ፈረደ። «ዋስ የሆነቻት እሷ ናት።»

«ከሳሹ እኮ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይግባኝ ትላለህ?»

የቆዳው ቁራጭ ገና ጥርሱ መሃል ነበር።

«የለም፣ ጌታዬ።»

ነፋሱ ተነሳ፤ ጭልፊቱም በረረ። ዋጋነሽ ልጓሙን ያዘች፤ በቅሎዋ ተከተለቻት፤ እኔም የወታደሩን ኮት እየጎተትኩ በቅሎዋን ተከተልኩ።