በርጩማ ጀርባ የለውም

ፋቀው ነው የምልህ፣ ትላለች ሩቂያ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ባሏ ሷሊሕ መሮውን ይዞ ወንበሩ አጠገብ ቆሟል፣ ምን ይበላት፣ እንጨት ነው አንቺ፣ ዋንዛ ነው ብሏት ነበር፣ ዋንዛ ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል? አለችው።

ዝቅ ይላል። የወንበሩ መደገፊያ አሥራ ሁለት ዓመት ከሮቢ ወንዝ እንስራ እንደተሸከመ ሰው ግራው ዝቅ ይላል፣ ወገቡ ጋ ወደ ውስጥ ገባ ይልና መልሶ ሰፋ ይላል፣ ወላሂ አስቦበት አይደለም፣ ማን ያምነዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠረበው በርጩማ ነው፣ በርጩማ ደግሞ ጀርባ የለውም፣ መንገድ የሚያሠራው ጣሊያን መጥቶ ከአንድ ግንድ የወጣ፣ መደገፊያ ያለው፣ ምስማር ያልነካው ወንበር ሲለው እሺ ጌታዬ አለ፣ ከዚያ እጁ ጀርባ ፈለገ፣ እጁ የሚያውቀው ጀርባ አንድ ብቻ ነው።

አስተግፊሩላህ።

ምናለ እሱ ብቻ አውቆት በቀረ። ትናንት ጎረቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ወንፊት ልትመልስ መጥታ ከበር ሆና ወንበሩን አየችው፣ ሳቋ አመለጣት፣ ውይ ሩቂያ፣ እንዳጎነበስሽ እንጨት ሆነሽ ቀረሽ እንዴ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወንዝ ዳር ሴቶቹ ሁሉ፣ ጣሊያኑ ተደግፎሽ ሊውል ነው አሉ፣ ሩቂያ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች፣ በዚህ ሁሉ ሙቀት እንኳ ገልጣው የማታውቅ ጀርባ፣ ላንተ ብቻ አይደለም እንዴ ያሳየሁት? ትላለች አሁን፣ ድምጿ ቀጥኖ።

የጣሊያኑ ወታደር፣ አስካሪው፣ ለዙሁር ሶላት ወንበሩን ሊወስደው ይመጣል። ትከሻውን ቢያስተካክል፣ ወገቡን ቢያቀናው፣ የማንም ጀርባ ይሆናል፣ ጣሊያኑ ምን ያውቃል፣ ታዲያ ምን ያዘህ፣ ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ባላፈረ፣ ግን ፍርሃት አይደለም፣ ከእጁ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም፣ ከእንግዲህም አይወጣም፣ ይህን ለሚስት እንዴት ይነግሯታል፣ አንቺ ከምታፍሪው ወንበሩ ቢበላሽ ይብስብኛል ተብሎ ይነገራል?

እሺ፣ እፍቀዋለሁ፣ ይላል።

እሺ። ልክ ለጣሊያኑ እንዳለው። መሮውን የወንበሩ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፣ እሷ እያየችው፣ ቢስሚላህ፣ ግፋ፣ ግፋው እንጂ ይላል ለራሱ፣ አንዲት ቀጭን ስንጥር ትነሳለች፣ አውራ ጣቱ ሄዶ ስንጥሯን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፣ ያሻታል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቀስ አድርጎ፣ የታመመ ሰው እንደሚታሽ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ የገባው ቀና ሲል ነው።

ሩቂያ እጁን አይታዋለች። ሻሿን በሁለት እጇ ትከሻዋ ላይ ትስባለች፣ ፊቷን ወደ እሱ እንዳዞረች፣ ጀርባዋን ሳታሳየው፣ እያፈገፈገች ከቤት ትወጣለች።