ሰው የማይረብሹ ዶሮዎች

ዶሮ እያረባሁ ስሸጥ ያላየሁት ዓይነት ገዢ የለም። አንዱ እንቁላል ይፈልጋል፣ አንዱ ሥጋ፣ አንዱ ለልጁ መጫወቻ። "ድምፅ የሌላት ዶሮ አለሽ?" ብላ የመጣችብኝ ግን አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ ናት። ከኋላዋ ሽማግሌ አባቷ ቆመዋል። እናቷ ካረፉ ወዲህ አብረዋት እንዲኖሩ ያመጣቻቸው ሰሞን ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ጓሮዋ ትንሽ ብትሆንም ዶሮ ካገኙ ቤቱን ይለምዱታል ብላ ነው። "እስካሁን እንደ እንግዳ ሻንጣውን አልፈታም፤ ትቶኝ እንዳይሄድ ነው የምፈራው" አለችኝ ጠጋ ብላ። ጠጋ ማለቱ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ የአባባ ጆሮ ከብዷል።

አባባ በቀጥታ ወደ ነጮቹ ሄዱ። ነጮቹ ቀጫጭን፣ ቀልጣፋ፣ አንዲት እንቁላል ጥለው ሰፈሩን የሚያዳርሱ ለፍላፊዎች ናቸው። አንዷ ስትንጫጫ የሽማግሌው ፊት በራ። "ይቺን እንኳ እሰማታለሁ" አሉ።

ልጃቸው ግን በፍጹም አለች። አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። ለእሷ ሲባል የስፌት መኪናው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቷል፣ ሥሩም ብርድ ልብስ ተነጥፎለታል። ነርሷ ቅር ብሏት ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቃት ደነገጠች። ነርሷማ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። "ታዲያ ሰው አልተናገረም ማለት አልተረበሸም ማለት ነው?" አለችኝ። ይሉኝታ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያ ቤት የራሱ አልጋ ይኖረው ነበር።

እኔም ነጋዴ ነኝ፤ የተጠየቅሁትን ሰጠሁ። እስከ እግር ጣታቸው ላባ የወረሳቸው፣ "ባለ ሱሪዎቹ" የምላቸው ግዙፎች አሉኝ፤ ሕፃን ቢያቅፋቸው አይፈራገጡም። ሌሎቹ ላባቸው እንደ ጥጥ የሚለሰልስ ትንንሾች ናቸው፤ አጥር አይዘሉም፣ ድምፃቸውም ከጉርምርምታ አያልፍም። ከሁለቱም ሁለት ሁለት መረጥንላት። ጥጥ የመሰለችውን አባባ እጅ ላይ ሳስቀምጣት ገልበጥ አድርገው አዩዋትና "ዶሮ ናት ወይስ ትራስ?" አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን ነጮቹን ዞር ዞር ብለው እያዩ ነው የወጡት።

የዶሮዎቹ የክትባት ጊዜ ሲደርስ ቤቷ ሄድኩ። ዶሮዎቹ አምሮባቸዋል። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ባለ ሱሪዋን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሚስታቸው በሙሽርነታቸው ዶሮ ሲያባርሩ ኩሬ ውስጥ የገቡበትን ቀን ይተርኩላታል። ጆሮው የከበደ ሰው ወሬ የታወቀ ነው፤ ለራሱ ሹክ ያለ እየመሰለው መንደር ያሰማል። ልጃቸው መቀሷን እንደያዘች ከቤት ወጣች። አጥሩን አየት አድርጋ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለች።

"አባዬ፣ ቀስ ብለህ አውራ። ሰው ተኝቷል።"

ክፉ ሆና አይደለም፤ ትከሻቸውን እያሻሸች ነው ያለቻቸው። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አባባ "እሺ ልጄ" አሉና ዶሮዋን ከጭናቸው አወረዱ። የኩሬውንም ወሬ ሳይጨርሱ በርጩማቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት፣ ዶሮዎቹን መልሼ እንድወስድ ስትደውልልኝ ነው። አባባ ዞር ዞር ልበል ብለው ወንድሟ ጋ፣ ፎቅ ቤት ሄደው በዚያው ቀርተዋል። ዶሮዎቹን ባየች ቁጥር ያለቅሳታል። ምን እንዳጎደለችባቸው ልትገምት አልቻለችም፤ ምግቡ ምግብ፣ አልጋው አልጋ ነበር። እኔ የምጠረጥረው ነበረኝ፤ እንዲህ የተጎዳችን ሴት ግን በምን አፌ ልንገራት።

ዶሮዎቹን ቅርጫት ውስጥ ሳስገባ ነርሷ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አባባ አሟቸው ነው እንዴ?" አለች። "ድምፃቸው ጠፋብኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ነርሷ ቀጠለች። ሌሊቱን ሙሉ የበሽተኛ ሲቃ ስትሰማ አድራ ጭር ያለ ቤት መግባት ይከብዳታል። የሽማግሌው ወሬ በመስኮት ሲገባ ግን ሰው ያለበት ቤት የተኛች ይመስላትና እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። አልጋዋንም ለዚሁ ብላ በአጥሩ በኩል ወዳለው መስኮት አስጠግታዋለች። ድምፃቸው ሲጠፋ ልትጠይቅ አስባ፣ ሰው ቤት ጆሮ ጣለች እንዳትባል አፍራ ተወችው።

ልብስ ሰፊዋ እዚያው ቆማ ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተች። "አባዬ፣ ቤትህ ና! እንደልብህ ታወራለህ!" ብላ ጮኸች። ከወዲያ የመጣው ሹክሹክታ ነበር። ሦስታችንም ወደ ስልኩ ጎነበስን፤ ምንም አልያዝንም።

"ጮክ በልልኝ አባዬ፣ አይሰማኝም።"

"እዚህ ፎቅ ላይ ሰው ብዙ ነው ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው አሁንም በግድ ነው የሚሰማው። "ዝግ ብዬ ነው የማወራው። አታስቢ፣ ለምጄዋለሁ።"

"ትመጣለህ?" ብላ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው። አልሰሟትም። ደግማ ጠየቀች፤ በሦስተኛው ድምፅዋ በለቅሶ ተቆራረጠ። አባባ የጨረሰች መስሏቸው "በርቺ ልጄ" ብለው ዘጉት።