ወደ ቀኝ የዞረው ኮፍያ

እማማ ኮፍያ ሥራቸውን ሰው እንደነካባቸው ያወቁት በዐይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ነው።

ከመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበራቸው ተቀምጠው፣ ለማዋለጃ ክፍሉ የሚሄዱትን የሕፃናት ኮፍያዎች ከቅርጫቱ አንድ በአንድ እያወጡ አናት አናታቸውን ይዳብሱ ነበር። የሳቸው ኮፍያ አናቱ ላይ ሲደርስ ይጠብና መስመሮቹ ወደ ግራ እየተጠማዘዙ መሐል ላይ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ወደ ግራ ዞሯል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቀጥ አለ። ወደ ቀኝ!

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አሉ ለብቻቸው።

ሰው ሁሉ ሹራቡን ከቀኝ ወደ ግራ ሲሠራ እማማ ኮፍያ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ትምህርት ቤት ደጃፍም አልረገጡም፤ በዚህም አያፍሩም። በልጅነታቸው አንዲት ሹራብ ሠሪ በተቀጠረችበት ቤት ወለል ይጠርጉ ነበር። መጥረጊያቸውን ተደግፈው ፊት ለፊቷ እየቆሙ፣ የሷን ቀኝ በራሳቸው ግራ፣ የሷን ግራ በራሳቸው ቀኝ እያደረጉ፣ ሙያውን በዐይናቸው ሰረቁት። የሴትዮዋ እጅ ሲደክምም የማዋለጃ ክፍሉን ሥራ ወሰዱባት። ሴትዮዋ መርፌዋን በጨርቅ ጠቅልላ ከዚያ ቤት ስትወጣ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

ታዲያ ይህን የሠራ ሰው የሌላውን ሥራ ለመጠርጠር ምን ይቸግረዋል? ሒሳቡን እዚያው ወንበራቸው ላይ ሠሩት። «እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ስለሰረቅሁ ሥራዬ ግራ ሆነ። የኔን ፊት ለፊት ተቀምጦ የሰረቀ ደግሞ ግራዬን ይገለብጠዋል፤ ቀኝ ይሆናል። ማነው ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ?»

ቀና አሉ። ፊት ለፊታቸው፣ ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ ምራታቸው ለልብስ ሰፊው ሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጣለች።

«ምነው እማዬ፣ ቸገረዎት?» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች።

«ምን ይቸግረኛል? የሚቸገረውስ ሌላ ነው።»

ኮፍያውን ወደ ቅርጫቱ መልሰው ጣሉት። ነገሩ ግን ሆዳቸው ገባ። ያ ቅርጫት ለሳቸው ቅርጫት ብቻ አልነበረም። በልጃቸው ቤት ባለሥራ ሆነው የሚኖሩት በሱ ነው። የማዋለጃ ክፍሏ ሲስተር «ከእማማ እጅ ካልሆነ አልቀበልም» ስትል፣ ልጃቸውም ጎረቤቱም ይሰማል። ሥራው ምራቲቱ እጅ የገባ ቀን ግን ይህቺ የመስኮት ወንበር የሷ ትሆናለች፣ እሳቸው ደግሞ ከተሰበረው አልጋና ከአሮጌው ምንጣፍ ጋር ወደ ጓሮ ክፍል ይዛወራሉ። ማንም ክፉ ቃል ሳይናገራቸው! «እዚያ ጸጥ ይላል፣ ያርፋሉ» ተብሎ ነው።

ሲስተሯ ኮፍያዎቹን ልትወስድ ሦስት ቀን ሲቀራት ደግሞ ምራቲቱ ሸሚዟን አጣጥፋ ብድግ አለችና፣

«እማዬ፣ ኮፍያ ያስተምሩኝ» አለች።

ዐይኗን በጨው አጥባ! እማማ ኮፍያ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ይህ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላ የማታውቅ ሴት ዛሬ ምን ነካት?

«መርፌ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«የቁልፍ መርፌ ነው የማውቀው።»

«የሹራቡንስ?»

«ከየት አምጥቼ?» አለችና ዐይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ዐይኗን መመለሷን እማማ ኮፍያ አይተዋል። እሺ አሉ፤ የእሺታቸው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ወጥመዱን እዚያው አስበውታል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምራቲቱን ከጎናቸው ሳይሆን እንደ ወትሮዋ ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት። ለሷ አንድ ልቃቂት፣ ለራሳቸው አንድ ልቃቂት አወጡ። በገመድ የተያያዙ ሁለት አጫጭር መርፌዎችም ሰጧት።

«ጥቁር ክር የጀማሪ ጠላት ነው፤ ስሕተትሽን ይደብቅብሻል። ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ ክር ያዢ። መርፌው ላይ የምትሰቅዪው እያንዳንዱ ቀለበት ዐይን ይባላል። ለሕፃን ሰባ ሁለት ዐይን ስቀይ።»

«ለምን ሰባ ሁለት?»

«ስምንት ቦታ እኩል ስለሚከፈል ነዋ! አናቱ ላይ ስትደርሺ በስምንት ቦታ ሁለት ሁለቱን ዐይን አንድ ላይ እየሠራሽ ትቀንሻለሽ። ሒሳብ ያልተማርሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። አታጥብቂው! የሕፃን ግንባር ነው የምታስሪው፣ ጭነት አይደለም።»

ምራቲቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትሰቅላለች። ስታወላግድ፣ ክሩ ሲያመልጣት፣ «ወይኔ!» ስትል፣ ለተመለከታት እውነተኛ ጀማሪ ናት። እማማ ኮፍያ ግን ይህን ማወላገድ አላመኑትም። እጇ ሲሳሳት ፊቷ አይሳሳትም።

«ስትጨርሺ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ታጋጥሚና ክብ ታደርጊያለሽ። መጋጠሚያው ላይ ቀይ ክር እሰሪ፤ ዙሩ ከየት እንደጀመረ እሱ ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ ዝም ብለሽ መዞር ነው፤ መመለስ የለም፣ መገጣጠሚያ ስፌትም የለም። አናቱ ሲጠብ ገመዱ ይረዝምብሻል፤ ያኔ ገመድ ወደሌላቸው፣ ሁለቱም ጫፋቸው ሹል ወደሆነው አምስት አጫጭር መርፌዎች ትሻገሪያለሽ። በመጨረሻ የቀሩትን ዐይኖች በክሩ ጫፍ ሰብስበሽ፣ አንቀሽ መቋጠር ነው። አንድ ዐይን ካመለጠሽ አናቱ ላይ ቀዳዳ ነው፤ ብርድ ይገባዋል።»

ሁሉንም ነገሯት፤ አንድ ነገር ብቻ አፋቸው ውስጥ አስቀሩ። ክቡ ከመገጠሙ በፊት፣ የተሰቀሉት ዐይኖች እግራቸው፣ ማለት የሥር ጠርዛቸው፣ በሙሉ ወደ ታች መሆኑ መታየት አለበት። አንድ ቦታ ገመዱ ላይ ከተጠማዘዘ፣ ሥራው እንደ ተጣመመ ቀበቶ ይሆናል፤ እስከ ዕለተ ሞት ቢሠሩት ኮፍያ አይወጣውም፣ ፈትቶ እንደገና መጀመር ብቻ ነው። ይህን ያልተነገረው ጀማሪ ከአሥር ዘጠኙ ይጠማዘዝበታል። የሚያውቅ እጅ ግን ሳያስበው ያስተካክለዋል። እማማ ኮፍያ የራሳቸውን በልማድ ሰቅለውና ገጥመው እየሠሩ፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ የምራታቸውን እጅ ጠበቁ።

ምራቲቱ ሰባ ሁለተኛውን ሰቀለች። ሥራዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አውራ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈች፣ አንድ የተገለበጠ ቦታ ስታገኝ መለስ አደረገችው፣ ከዚያም ገጠመችው።

«እጅ ከፍንጅ!» እማማ ኮፍያ መርፌያቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት። «ማን ነገረሽ? እ? ማን ነው ከመግጠምሽ በፊት አስተካክዪ ያለሽ?»

ምራቲቱ እጇን ልትደብቅ ፈለገች፤ የት ትደብቀው?

«እማዬ…»

«እማዬ አትበዪኝ! ኮፍያዬን ከቅርጫት አውጥተሽ የራስሽን የተካሽ አንቺ ነሽ። አናቱ ወደ ቀኝ የዞረው ያንቺ ነው። የመስኮቱን ወንበር ፈልገሽ ከሆነ ‹ይነሡልኝ› በይኝ! ምን ያልጎመጉምሻል?»

ምራቲቱ ፊቷ ቀላ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም ብዙ ከፍ አላደረገችውም።

«የኔን ይተዉና የእርስዎን ይዩት።»

«የኔ ምን ሆነ?»

«ይዳብሱት።»

እማማ ኮፍያ ጭናቸው ላይ ያለውን አነሡ። ሁለት ጣት ያህል ሠርተዋል። አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አስኬዱት፤ ታች ነበረ፣ ታች ነበረ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣና በመርፌው ላይ ተሻግሮ ሄደ። ተጠማዝዟል። ስንት ዓመት ኮፍያ የሠሩት ሴትዮ፣ ባጠመዱት ወጥመድ የገቡት ራሳቸው ናቸው።

«አንቺን ስጠብቅ ነው!» አሉ። «ሰው ዐይኑን ሌባ ላይ ሲያደርግ ሥራው ይበላሻል።»

«የባለፈው ወርስ ማንን ሲጠብቁ ተበላሸ?»

ተነሣችና ከቁልፍ ሣጥኗ ሥር የጨርቅ ከረጢት አወጣች፤ ጭናቸው ላይ ዘረገፈችው። አምስት ኮፍያ። እማማ ኮፍያ አንድ በአንድ አነሡ። ሁሉም ወደ ግራ የዞሩ፣ ሁሉም የሳቸው። ሁሉም አናት ላይ ደግሞ የሳቸው ትንሽ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ አለ።

«ሲስተር በር ላይ ነው የመለሰችልኝ። ‹እማማ አይስሙ፣ እንዲያው ቀስ ብለሽ እያየሽ ላኪ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ሊታጠቡ ሲገቡ ቀዳዳ ያለበትን እየፈለግሁ አናቱን ፈትቼ እሠራዋለሁ። አካሉ የእርስዎ ነው። አልተካሁም፤ አናቱን ብቻ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት መርፌውን ያስቀምጣሉ። መርፌውን ካስቀመጡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት እኔን ነው።»

እማማ ኮፍያ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ግን አልሳቁም። ይህን ደስታ ለሷ አይሰጧትም።

«ታዲያ ካወቅሽ ‹ያስተምሩኝ› ማለትን ምን አመጣው?»

«ደብቆ መሥራት ደከመኝ። ሌባ ሳልሆን እንደ ሌባ ጆሮዬን አቁሜ፣ የውኃውን ድምፅ እያዳመጥሁ! በግልጽ አስተምረውኝ በግልጽ ብሠራ ብዬ ነው።»

«ለሲስተሯ ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› አላልሻትም?»

«አላልኋትም።»

«አትነግሪያትምም?»

ምራቲቱ መልስ ሳትሰጥ ሸሚዟን አነሣች። እማማ ኮፍያ ይህን ዝምታ አልወደዱትም። እሳቸውም በጊዜያቸው እንዲህ ዝም ብለው ያውቃሉ፤ ዝም ያሉትም ሥራውን ሊወስዱ ሲሉ ነበር።

ሲስተሯ በቀኗ መጣች፤ በነጭ ጋዋኗ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ትልቅ ቦርሳ ይዛ። ወጣት ናት፣ ዐይኗ ግን እንደ አሮጊት ነው፤ ቅርጫቱን እንዳየች ኮፍያዎቹን አናት አናታቸውን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ» አለች።

«ምን ግራ ገባሽ?»

«ይኸው እነዚህ ወደ ግራ ይዞራሉ። እነዚህ ደግሞ ወደ ቀኝ። ሌላ ሰው ያሠራሉ እንዴ? እኛ እኮ የተስማማነው ከእርስዎ እጅ ነው።»

ምራቲቱ ከግድግዳው ሥር ቁልፍ ትተክላለች። ቀና አላለችም። መርፌዋ ግን ቆሟል።

እማማ ኮፍያ «ሁሉም የኔ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። ምራታቸው እንደማታጋልጣቸው ከቆመው መርፌዋ አውቀዋል። ሥራውም ስሙም የሳቸው ሆኖ ይቀር ነበር፤ አንዲት ሴት ቀና ብሎ የሚያያት ሳታገኝ አንገቷን ደፍታ ትቀራለች፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ በዚያች ሹራብ ሠሪ ላይ አንድ ጊዜ አድርገውታል። «ሌላ ሰው ነው» ቢሉ ደግሞ ሥራው ሊሄድ ነው። ወንበሩም።

«ሌላ ሰው የለም» አሉ። «ወደ ግራ የዞረው የኔ ነው። ወደ ቀኝ የዞረው የቀኝ እጄ ነው።» በአገጫቸው ወደ አግዳሚው አመለከቱ። «ያቻትልሽ ቀኝ እጄ፤ ቁልፍ ትተክላለች። ከዛሬ ጀምሮ አካሉን እኔ እሠራለሁ፣ አናቱን እሷ ትገጥማለች። ሁለታችንን ካልወሰድሽ አንዳችንንም አትወስጂም።»

ሲስተሯ አንዱን ኮፍያ በመዳፏ ላይ አዞረችው። አናቱን በጣቷ ገፋ አደረገችው፣ ጠበቅ አድርጋም ሳበችው። ቀዳዳ የለውም።

«የትኛው ይሻላል ታዲያ?»

«ሕፃናቱን ጠይቂያቸዋ!»

ሲስተሯ ሳቀች፣ ኮፍያዎቹን ግራና ቀኙን ሳትለይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ዞር ብላ «እንግዲህ ለወሩ ሁለታችሁንም እጠብቃለሁ» ብላ ሄደች።

ምራቲቱ አፍንጫዋን በሸሚዙ እጅጌ ልትጠርግ ስትል፣

«የሰው ሸሚዝ ነው!» አሉ እማማ ኮፍያ። «ነይ አንድ ወንበር ወዲህ አምጪ። ከጎኔ። ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ነው ገልብጠሽ የሰረቅሽው፤ ከጎኔ ብትሆኚ እንደ ሰው ወደ ግራ ትሠሪያለሽ።»

«ወደ ግራ አልሠራም» አለች ምራቲቱ፣ ወንበር እየጎተተች። «እጄ ለምዷል።»

«አንቺ ግትር!»

«ከማን ተማርሁ?»

የተጠማዘዘውን ሥራ ምራቲቱ ክሩን እየጎተተች ፈታችው፣ እማማ ኮፍያ እየተቀበሉ በልቃቂቱ ላይ ጠቀለሉት። እንደገና ሰባ ሁለት ዐይን ሰቀሉ። ከመግጠማቸው በፊት ሥራውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ወደ ምራታቸው ገፋ አደረጉት። እሷም አውራ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፋ መለሰችላቸው።

በሁለተኛው ቀን አናቱ ሊጀመር ሲል እማማ ኮፍያ ሊታጠቡ ተነሡ። ቀዩን ክር ያሉበት ቦታ አሰሩ። በበሩ በኩል ሲወጡ ዞር ብለው ምራታቸውን አዩ፤ እሷም አየቻቸው።

ተመልሰው ሲቀመጡ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ ኮፍያውን አነሡና አናቱን ዳበሱ። ተገጥሟል። ወደ ቀኝ።

አንድ ጊዜ ደግመው ዳበሱት፣ ምናልባት ቀዳዳ ይገኝ እንደሆነ፤ አልተገኘም።

«አጥብቀሽዋል» አሉ።

«አላጠበቅሁም።»

«አጥብቀሽዋል አልሁ!» ኮፍያውን ከቅርጫቱ ከተቱትና ሌላ ክር ሳቡ። ፈገግታቸውን ምራታቸው እንዳታይባቸውም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።