ጣት የሌለው መልስ

ክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ጣት የሌለው መልስ አይቆጠርም።

የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን የገባኝ ነገር ቢኖር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ማየት መማር እንዳለበት ነው። ጠዋት ጠዋት ምንጣፉ ላይ ተሰብስበን የሥዕል መጽሐፍ እከፍታለሁ። ቀጣዩን ገጽ በመዳፌ ሸፍኜ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እላለሁ። የመለሰውን ልጅ ደግሞ «ከምን አወቅህ?» እለዋለሁ፤ ያየበትን ቦታ በጣቱ መንካት አለበት። ጥንቸሏ ልትሮጥ ነው ያለ ልጅ ቀጥ ያለ ጆሮዋን ወይም ከቁጥቋጦው ጀርባ ብቅ ያለውን የቀበሮ ጅራት ይነካል። ካልነካ እንደገና ያያል።

ዳይሬክተራችን ጨዋታውን አይወዱትም። ለእሳቸው ትምህርት ማለት ወላጅ ፊት ተሰልፎ ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር መጮኽ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ስላቸው «የወተት ጥርሱን ላልነቀለ ልጅ ጥርጣሬ ታስተምሪያለሽ?» ይሉኛል። ያኔ እስቅባቸው ነበር። አሁን ሳስታውሰው አያስቀኝም።

ከልጆቹ ሁሉ ጨዋታው ደሟ ውስጥ የገባ አንዲት ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር የቀራት፣ አንድ ካልሲዋ ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የወረደ። አንድ ቀን ወተት ተደፋና ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ብለው ማሉ። እሷ ተነስታ የሁሉንም እጅጌ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ዞረችና «ይኸው፣ የሱ ርጥብ ነው» ብላ ፈረደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ዳኛዋ ሆነ። አስተማሪ ልጅ አያበላልጥም ይባላል፤ ውሸት ነው። እኔ አበላልጬ ወድጃታለሁ።

አባቷ አናጺ ነው። አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ብቻውን ተመልሶ መጣ፤ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ። ከልጆቹ ወንበር አንዱን ስቦ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

እናትየዋ ታማ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል መግባቷን አውቅ ነበር። ከሞተች አምስት ሳምንት እንደሆናት ግን አላወቅኩም። ቀብሯት ተመልሷል። ለልጅቷ «ገና እየታከመች ነው፣ ጉሮሮዋን ስለታመመች በስልክ አታወራም» ብሏታል።

«ልነግራት ስል አፌ እምቢ ይለኛል» አለኝ። «ደብዳቤ ጻፍኩና ከእናትሽ ነው፣ ነርሷ ናት የጻፈችላት አልኳት። ትንሽ አየችውና የእንጨት ልኬት የጻፍኩበትን ደብተር አምጥታ ጎኑ ዘረጋችው። 'አባዬ፣ ይሄ ያንተ ጽሑፍ ነው' ብላ ጣቷን አስቀመጠችበት። ደብዳቤው በኋላ ይመጣል፣ ስቀልድ ነው ብዬ አመለጥኩ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ይጻፉልኝ። ትምህርት እስኪዘጋ ብቻ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ያ ትልቅ ሰውዬ በዚያች ወንበር ላይ ተጣጥፎ ሳየው አንጀቴን በላው። ጻፍኩለት። ከሰሌዳው ጽሑፌ እንዳይመሳሰል ፊደሉን ወደ ጎን አጋደልኩት። ብልጥ ነኝ ብዬ ነው።

በየሳምንቱ አንድ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ስጽፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ አራተኛውን ስጽፍ አንድም አልቀደድኩም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ለካ እውነት ነው። እንዲያውም የሷን እናት መሆን ደስ ይለኝ ጀመር። ካልሲሽን ሳቢ፣ ወተትሽን ጨርሺ፣ አባትሽ ሲቆጣ ደክሞት ነው። ልጅ የለኝም። ይሄን የምናገረው ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበረ ነው።

አንድ ቀን በእንቅልፍ ሰዓት ዳኛዋን ሽንቷ አመለጣት። ከመባነኗ አቅፌ ወደ መታጠቢያ ክፍል ወሰድኳት፤ አጥቤ ልብሷን ቀየርኩላት፤ ፍራሹን ገለበጥኩት። ማንም አላየም። አንገቴን ይዛ «ለማንም እንዳትነግሪ። ለአባዬም» አለችኝ። ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከልጆች ጋር አልተጫወተችም። ያሳዘነኝ እሱ ነው። በሳምንቱ ደብዳቤ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የኔ ቆንጆ፣ ተኝተሽ ሽንት ቢያመልጥሽ አትፈሪ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ያመልጠኝ ነበር።» እናት ብትኖር የምትለው ይሄንን ነው አልኩ። ከምን አወቅሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሰኞ ጠዋት ዳኛዋ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና ጣቷን አስቀመጠች። መስመሩን አልሳተችውም። «ሽንት» የምትለውን ቃል ራሷ ፊደል በፊደል አነበበችው። ሌላ ቀን ቢሆን አጨበጭብላት ነበር።

«ይሄን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን» አለችኝ።

«ምናልባት እናትሽ…»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው።» ወረቀቱን ገልብጣ ጫፉን አሳየችኝ። የክፍላችን ወረቀት ነው፤ ልጆቹ እጃቸውን እንዳይወጉ ጫፉን በመቀስ የማከብበው እኔ ነኝ። ፊደል ሳጋድል ወረቀቱን ረስቼዋለሁ። እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ።

ወረቀቱን ለማንሳት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አላቆመችም፤ ያሰለጠንኳት እንድትቀጥል ነው።

«አንቺ ከጻፍሽው ነርሷ አልጻፈችም። ነርሷ ካልጻፈች እማዬ አልነገረቻትም ማለት ነው።» ግንባሯ ተቋጠረ። «ወይ እማዬ ረስታኛለች…» ቆመች። «እማዬ ደግሞ አትረሳኝም።»

የሃያ ሁለት ዓመት ልማዴ ከአፌ ቀደመኝ።

«ከምን አወቅሽ?»

ቃሉን መልሼ ብውጠው በወደድኩ። እሷ ግን ጥያቄውን እንደ ሌላ ቀን ጥያቄ ተቀበለችው። ጎንበስ ብላ የዩኒፎርሟን ቀሚስ ጠርዝ ገለበጠች። ውስጡ አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ታጥፎ በእጅ ተሰፍቷል።

«ሳድግ እንድትፈታው ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አንዴ፣ ሁለተኛ ክፍል አንዴ። እማዬ ናት የሰፋችው» አለችና ጣቷን ስፌቱ ላይ አስቀመጠች።

በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ የተሟላ መልስ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ልጅ የለም።

«ሞታለች?» አለችኝ።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። እናቷ ረስታታለች እንድትል መተው ወይም እውነቱን መናገር። አባቷን አሰብኩት፤ ቃሌን አሰብኩት። ጣቷ አሁንም ስፌቱ ላይ ነው።

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ አቅፋት ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። ቀሚሷን መልሳ ዘረጋችና በመዳፏ አስተካከለችው። ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከውጪ የልጆች ጫጫታ መሰማት ጀምሯል።

«ማወቄን ለአባዬ እንዳትነግሪው» አለች። «ደብዳቤውን ሲያነብልኝ ብቻ ነው የሚስቀው። በሌላ ጊዜ አይስቅም።»

«እሱም ቢያውቅ እኮ…»

«የፊተኛውን ምስጢሬን ነግረሻል። ይሄኛውን እንዳትነግሪ።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀበልኩ። አንድ መሐላ በልቼባታለሁ፤ ሁለተኛውን ልበላ አልደፈርኩም። ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማታ ማታ ግን ያችን ትንሽ መዳፍ ቀሚስ ስታስተካክል አያታለሁ።

ዓርብ አባትየው መጣ። ፂሙን ተላጭቷል። አዲሱን ደብዳቤ ስሰጠው ፊቱ በራ።

«ተአምር ነው፣ ቲቸር! አሁን አንድ ጥያቄ አትጠይቅም። አጠገቤ ተቀምጣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች አብራኝ ታነባለች። ስጨርስ 'እማዬ ደህና ናት ማለት ነው' ትለኛለች። አምናለች። እግዜር ይስጥልኝ።»

ትምህርት እስኪዘጋ ነበር ያለው። እሷም ከዚያ ወዲያ ስለ ደብዳቤው ያነሳችብኝ ነገር የለም። በየሳምንቱ ጻፍኩ፤ እሱ አነበበላት፤ እሷ ደህና ናት አለችው። ሦስታችንም ስለዚያች ሴት ዋሸን፣ እርስ በርሳችንም ተዋሸን፤ ከሦስታችን ሁሉንም የምታውቀው ታናሿ ነበረች።

በመጨረሻው ሳምንት የጥንቸሏን መጽሐፍ ከፈትኩ። ገጹን በመዳፌ ሸፍኜ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» አልኩ። አስር እጅ ወጣ። ዳኛዋ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም እጆቿ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ናቸው። ካልሲዋን ስባዋለች።

«ዳኛዋስ? ምን ይመጣል?» አልኳት።

ቀና ብላ መዳፌን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሆን ብዬ ጣቶቼን ከፈት አድርጌ ነበርና የቀበሮው ጅራት በመሃላቸው በግልጽ ይታይ ነበር።

«አላውቅም» አለች።