የአራተኛው ዓመት በሶ

ነቢላ ጠመኔውን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ስትመለስ፣ መምህር ይርሳው ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ለማረም እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ስህተት አልነበረበትም። «እናቴ መምህሬን ታመሰግናለች» ይላል፣ «አባቴ እስኪሞት ድረስ ጥሎት ስላልሄደ።»

የዕለቱ ትምህርት ‹ታንክ›፣ ማመስገን፣ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። «ይህ ግስ ብቻውን አይቆምም» ብሏቸው ነበር ከሩብ ሰዓት በፊት። «ማንን? ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ለምን? በሉት። ሁለቱን ካልመለሰላችሁ ነገሩ አላለቀም።» ከኋላ የሚቀመጠው ቦንሳ መምህሩን ፈተና ስላራዘመ የሚያመሰግን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ክፍሉን አስቆት ነበር። አሁን የሚስቅ የለም። የነቢላን አባት አሟሟት ያልሰማ ተማሪ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ይርሳው በልቡ አማርኛው ይሻላል ይል ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ያለ ሰው ውለታውን ለእግዜር አስረክቦ ይሄዳል፤ ተመስጋኙም «አብሮ ይስጠን» ብሎ ይገላገላል። እንግሊዝኛው ግን ሰውየውን ለይቶ፣ ያደረገውን ጠቅሶ ነው የሚያመሰግነው። ያላደረገውን ሲጠቅሱለት ምን ብሎ እንደሚመልስ መማሪያ መጽሐፉ አይናገርም።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ ይርሳው በቆጂ ፈተና አስፈትኖ ወደ አሰላ ሲመለስ ነው። ሳጉሬ ሳይደርሱ ጉም ወረደ፤ ሚኒባሱ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። አብዶ የሚባል ገበሬ እግሮቹ ከመቀመጫው ስር ተይዘው ቀሩ። መራመድ የቻሉት እርዳታ ፍለጋ ወደ መንደር ሲሮጡ፣ ምንም ያልሆነውን ይርሳውን «አንተ ከሱ ጋር ቆይ» አሉት። እሱም እሺ አለ። ከዚያ ቤንዚን ሸተተው። መንገዱን ተሻግሮ ገብስ ማሳ ውስጥ ተቀመጠ፣ ከዚያም ሆኖ አብዶ ሲጠራው ሰማ። «ያ ኦቦሌሳ» ይላል፤ ወንድሜ ሆይ ማለት ነው። ትንሽ ይቆይና እንደገና ይጠራል። ድምፁ ሲጠፋ ይርሳው ተመለሰ። ሰዎቹ ሲደርሱ ያገኙት የአብዶን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ ነው፤ ያዩትንም ለአብዶ ሚስት ለሀሊሜ ነገሯት። እሳት አልተነሳም።

በዓመቱ፣ አዲሱ ገብስ ሲገባ፣ ከሀሊሜ ዘንድ አንድ ከረጢት በሶ መጣለት፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ይመጣል። ነቢላ አሰላ አክስቷ ዘንድ ሆና መማር ከጀመረች ወዲህ ደግሞ የምታመጣው እሷ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የይርሳው እውነት ግን ባደረ ቁጥር ጨለመ። በሶውን አንድም ጊዜ አልበላውም፣ መጣልም አልሆነለትም። ሦስቱ ከረጢቶች ቁም ሳጥኑ ላይ ተደርድረው ነቀዝ ይዟቸዋል። የበቆጂን መንገድ ዳግመኛ አልረገጠም። ከጭላሎ ተራራ ጉም በወረደ ጠዋት ግን ያ ድምፅ ቤቱ ድረስ ይመጣል፣ ትንሽ ይቆይና እንደገና ይጠራል።

ደወል ሲደወል ነቢላ ተከትላው ወጣች። «ቲቸር፣ እናቴ በር ላይ ናት። ዘንድሮ እኔ ራሴ ነኝ የምሰጠው ብላ መጣች።»

ሀሊሜ ከረጢቱን በሁለት እጇ ሰጠችው። «አላህ ይክፈልህ፣ መምህር» አለች። ይርሳውን ከዚህ ምርቃት የበለጠ የሚያስፈራው ነገር አልነበረም። ነቢላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ እሱ እናቲቱን ሊሸኝ ወደ መናኸሪያ አብሯት ወረደ።  ሀሊሜ የበቆጂ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ በሩ ጋ ተቀመጠች፣ ፌስታሏንም አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አኖረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው። «እስከ ዛሬ አልደፈርኩም። አሁን ግን ነቢላም ትጠይቀኛለች። አብዶ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ሸሃዳውን፣ የእምነት ቃሉን፣ ብሎ ነው ያረፈው ቢላት ይበቃ ነበር። እንደዚያ ቢላት ዕድሜ ልኳን ተጽናንታ ትኖራለች፣ ውሸት ነው የሚለው ሰውም የለም። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«‹ያ ኦቦሌሳ› እያለ ይጠራኝ ነበር» አለ።

የሀሊሜ ፊት በራ። «አንተስ? ምን ብለህ መለስክለት?»

ይርሳው ከረጢቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «አልመለስኩለትም፣ አዴ ሀሊሜ። መኪናው ይቃጠላል ብዬ ፈርቼ ማሳ ውስጥ ተደብቄ ነበር። የተመለስኩት ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው። እርስዎ የሰሙት ሁሉ እንደዚያ አልነበረም።»

የሚኒባሱ ሾፌር በመስኮት ራሱን አውጥቶ «የቀረን አንድ ሰው ነው» ይላል። ሀሊሜ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። 

«ብዙ ጠራህ?»

«ብዙ።»

ይርሳው አፍሮ በሶውን ሊመልስላት ዘረጋ። እጇን አላነሳችም።

«አሁንስ ይጠራሃል?»

«ይጠራኛል።»

«ታዲያ ለምን አትመልስለትም?»

የማሾፍ ምልክት ፊቷ ላይ ፈለገ፣ አላገኘም። አራት ዓመት ሙሉ ድምፁን ላለመስማት ራዲዮ ሲከፍት፣ ትራስ ጆሮው ላይ ሲጫን ኖሯል፤ መመለስ የሚባል ነገር አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለውም። ከመናኸሪያው ሰው መሀል፣ ለራሱም በቅጡ በማይሰማ ድምፅ፣ «አቤት» አለ።

ሀሊሜ ራሷን ነቀነቀች። «ከዚህ ሆነህ አብዶ አይሰማህም» አለች።

ፌስታሏን ከባዶው ወንበር አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፣ ፊቷንም ወደ ፊት መለሰች። ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። «መምህር፣ ትሄዳለህ ወይስ ትሸኛለህ?»

ይርሳው ከረጢቱን እንዳቀፈ አንድ እግሩን የበሩ መወጣጫ ላይ አደረገ። ከከተማው መውጫ በላይ፣ በሳጉሬ በኩል፣ ጉም ወርዶ ነበር።