የኮሪን አበባ አይታጨድም!

በዚያ ዝናብ የለሽ በጋ አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ሰው ሣሩን ቀለም ይቀባ ነበር። እውነቴን ነው! ውሃ ማጠጣት ተከልክሎ የየቤቱ ሣር ገለባ ሲመስል፣ የኮሪን ጎረቤት ሚስተር ቨርጂል ደጃቸውን አረንጓዴ ቀለም ነፉበት። ውሻቸው አራት እግሯ አረንጓዴ ሆኖ ሰፈሩን ስትዞር ሰነበተች!

የኮሪን ደጅ ግን... ወይኔ! አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ሣሩን ነቅላ የሜዳ አበባ ዘራችበት፤ ያንን ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለውን፣ ሐምራዊ ቅጠሎቹ እንደ ቀሚስ ወደ ታች የተንዘረፈፉትን፣ መሃሉ እንደ ጃርት የሚዋጋውን። የመጀመሪያው ዓመት፣ ምንም! ሁለተኛው፣ አንድ ጭብጥ ቅጠል።

እናቷ ማርላ «ሞቷል ባክሽ» ስትላት፣ «አልሞተም፣ ሥር እየሰደደ ነው!» እያለች ትጮህ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ፣ ፈነዳ! በቃ ደጁ በሙሉ ሐምራዊ!

ወዲያው በራቸው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከጉልበት በላይ ያደገ አረም እስከ ሐሙስ ጠዋት ካልታጨደ፣ የከተማው አስተዳደር መጥቶ ያጭደዋል። ማን እንዳመለከተ ማን አጣው!

«እጨጂውና እንረፍ። ሰው ምን ይለናል?» አለች ማርላ።

«የቱ ሰው? ሣር የሚቀባው? እማ፣ ዘሩን ሳይጥል ከታጨደ ሦስት ዓመቴ ገደል ገባ!»

ሐሙስ ጠዋት ሌን ማጨጃውን በመኪና ጭኖ መጣ። ለከተማው የሚያጭደው እሱ ነው፤ ልጅ ሆና ኳስ ያሠለጠናትም እሱ።

«አንቺ ቀልቃላ፣ ከመንገድ ዞር በይ።»

«መጀመሪያ ደንቡን አንብብልኝ!»

ሌን ወረቀቱን ዘረጋ። «"ዙሪያው የተከለለ የአበባ መደብ አይነካም።" ያንቺ ግን ክልል የለውም።»

«ስንት ደቂቃ አለኝ?»

«ቤንዚን እስክሞላ።»

ኮሪን በረረች! ቦት ጫማ፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ የተሰበረ የኳስ መምቻ ዱላ፣ ያገኘችውን ሁሉ በአበባው ዙሪያ ደረደረች። ማርላ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማ ታያለች፤ አልከለከለችም፣ አላገዘችም።

ሚስተር ቨርጂል በአጥር ተንጠላጠሉ። «ማርላ! ይሄ ክልል ነው ወይስ የቆሻሻ ክምር? ዱሮም ደጅሽ ደጅ አይመስልም!»

ማርላ ዞር ብላ ገባች። ወጥ ቤት ውስጥ የቁም ሳጥን በር ጓ! ሲል ተሰማ። ስትወጣ የወርቅ ጠርዝ ያላቸውን ሳህኖች ታቅፋለች፤ ከገና በቀር ማንም የማይነካቸውን! ተንበረከከችና ደረቁን መሬት በመፍቻ እየጫረች አንድ በአንድ በጠርዛቸው አቆመቻቸው።

«እማ! የሰርግሽ ሳህን!»

«ከሰርጉ የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው። ያዢ፣ አቀብይኝ!»

አንዱ ተሰበረ፤ ስባሪውንም ተከሉት። ሳህኑም ጫማውም አለቀ። በመንገዱ በኩል ግን የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል ክፍተት ቀረ፣ ሌንም ሞተሩን አስነሳ።

ኮሪን ክፍተቱ ላይ ተዘረረች።

«ተነሺ!» አለ ሌን።

«አልነሳም! ክልሉ እኔ ነኝ፣ ጻፍ!»

«ሰው ክልል አይሆንም!» ጮኹ ሚስተር ቨርጂል።

ሌን ሞተሩን አጠፋ። ወረቀቱን አገላበጠ፣ ጀርባውን ሳይቀር አየ። «ክልሉ ከምን እንደሚሠራ አይልም» አለ።

«ኧረ በእግሯ በኩል ክፍት ነው! እይ እንጂ!» አሉ ሚስተር ቨርጂል።

እውነትም ስንዝር ያህል ክፍት ነበር። ማርላ ቀሚሷን ሰብስባ ከልጇ እግር ሥር ዘጭ ብላ ተቀመጠችበት። «አሁንስ?»

ሌን እየሳቀ «ተከልሏል» ብሎ ጻፈና ማጨጃውን መልሶ ጫነ።

«ነገም እጠራዋለሁ!» አሉ ሚስተር ቨርጂል።

«ይጥሩት!» አለች ማርላ። «ገና ሹካና ማንኪያ አለን!»