በአማት ፊት መንሸራተት

ንዱሚሶ የደርባን ሰው ነው። ሥራው ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የሚሰምጡ ሰዎችን ማውጣት ሲሆን፣ በዕድሜው በረዶ ያየው ቢራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሌሶቶ ተራራ ላይ፣ በውሰት ካፖርት ተጠቅልሎ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። ወዶ አይደለም። ፑሌንግን ሊያገባ ይፈልጋል፤ እናቷ ማፑሌንግ ደግሞ እሺታቸውን አልሰጡም።

ምክንያት አላቸው። አምና በሰኔ፣ በአገሩ የበረዶ ወር፣ እህታቸው ሲሞቱ፣ ባሕር ዳርቻ የሚኖረው የሟች አማች “መንገዱ በረዶ ነው” ብሎ በስልክ አልቅሶ ከቀብሩ ቀረ። ማፑሌንግ ያንን ስልክ አልረሱትም። ስለዚህ “ያንን የደርባን ልጅ በረዶ ላይ አውጡልኝና ልየው” አሉ።

ችግሩ፣ አማትና አማች ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ አይነካኩም፤ እሱም ስማቸውን አይጠራም። ወጉ ነው። ፑሌንግ ሥራ ላይ ስለነበረች፣ መኪና ውስጥ ወሬው ሁሉ የሚያልፈው በሚነዳው በአጎቷ በቴፎ በኩል ነበር። ንዱሚሶ ከኋላ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሯል።

“በርዶት እንደሆን ጠይቀው” አሉ ማፑሌንግ።

“ንዱሚሶ፣ በርዶሃል?”

“ኧረ የለም በላቸው።”

“የለም ይልሻል።”

“ታዲያ ወንበሬ ለምን ይንቀጠቀጣል በለው።”

ሲደርሱ ተራራው ሁሉ ደረቅ ሣር ነው። በረዶው በማሽን ተረጭቶ፣ አንዱ ቁልቁለት ላይ ብቻ እንደተሰጣ ነጠላ ተዘርግቷል። ማፑሌንግ ብርድ ልብሳቸውን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ከታች ቆሙ። ቴፎ ግን “ቆሞ መንቀጥቀጥ ምን ፈተና ነው?” ብሎ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ልጁን ወደ ላይ ወስዶ ስኪ የሚሉትን የበረዶ መንሸራተቻ እግሩ ላይ አሰረለት። ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየው። እንዴት እንደሚቆም ሊያሳየው ሲል ንዱሚሶ ቁልቁል ሄዷል።

ማፑሌንግ ቀጥታ ከፊቱ ናቸው። ባሕር ላይ ቢሆን ስሙን ለማያውቀው ሰው እንኳ ይጮኻል። የእኚህን ሴት ስም ያውቀዋል፤ መጥራት ግን አይችልም።

“አጎቴ! ዞር ይበሉ በላቸው!”

ቴፎ ከላይ ሆኖ እጁን አፉ ላይ አደረገ። “እታለም! ዞር በይ ይልሻል!”

“እኔ ቆሜያለሁ! የሚመጣው እሱ ነው፤ እሱ ዞር ይበል በለው!”

“ንዱሚሶ! አንተ ዞር በል ትልሃለች!”

“አልተማርኩም በላቸው!”

ይህ መልእክት ሳይደርስ ብርድ ልብሳቸው ላይ ያለው መርፌ ቁልፍ ሳይቀር ታየው። ያኔ ማዕበል ውስጥ እንደሚገባ ሰው ራሱን ወደ ጎን ወረወረ። በረዶውን ለቆ ድንጋዩና ሣሩ ላይ ተከሰከሰ።

አፉ ሣር ሞልቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተጋደመ። ግማሹ ስለ ሕመሙ፣ ግማሹ ስለ ወጉ ነው። የእርምጃ ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ ጭስ ጭስ የሚል ከባድ ብርድ ልብስ ወደቀበት። ቴፎ ገና ከላይ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው፤ ቃል የሚያቀባብል ሰው የለም። ማፑሌንግ ዙሪያቸውን አይተው፣ ከልጁ እግር ወልቆ ሣሩ ውስጥ ወደተተከለው ስኪ ዞሩ።

“ንገረው” አሉት ስኪውን። ደንግጠዋል። “ድንጋይ ላይ ከሚፈጠፈጥ እኔን ቢገጨኝ ይሻለው ነበር።”

“ነውር ነው በላቸው” አለ ንዱሚሶ።

ስኪው ዝም አለ።

“በሰኔ ብሞት ይመጣል ወይ በለው።”

“እመጣለሁ በላቸው።” ትከሻውን ዳበሰ። “በእግሬ ግን።”

ማፑሌንግ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳቡና በራሳቸው መርፌ ቁልፍ አያያዙለት። ቴፎ እያለከለከ ደረሰ።

“ለፑሌንግ ደውልላት” አሉት።

“ምን ልበላት?”

“አማቼ ወድቆ ተጎዳ በላት።”